የወንድሜን መርዶ ለማያረጋግጡትም ለማያስተባብሉትም ክቡር እንደራሴ

ለተከበሩ የሕዝብ እንደራሴያችን፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የጤናዎን ነገር እጠይቃለሁ። ባለፈው ግንቦት እዚህ ሲያትል አጠገብ፣ ሾርላይን ላይ በጠሩት የሕዝብ ስብሰባ ድምፅዎ ጎርነን ብሎ ሰምቼው ነበርና ጉንፋኑ እንደተሻለዎት፣ ባለቤትዎና ልጆችዎ በሰላም ወጥተው በሰላም እንደሚገቡ፣ ወንድም ካለዎት ደግሞ የት እንዳለ እንደሚያውቁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ፣ እንደጠየቁኝ ቆጥሬ ልመልስና፣ ደህና ነኝ።

በአማርኛ የምጽፈው ከድፍረት አይደለም። በስብሰባው በር ላይ የታደለን ወረቀት «በሚቀልዎት ቋንቋ ይጻፉልን፣ እናስተረጉማለን» ይላል። የሚቀለኝ ይኸው ነው። በእንግሊዝኛ ስጽፍ ነገሬ ያጥራል፣ ይስተካከላል፣ የሌላ ሰው ይሆናል። አንድ ቅጂ ለማኅበረሰባችን ጋዜጣ የሰጠሁትም አስተርጓሚዎ ቢታመም የሚያነብልዎት ሰው እንዳያጡ አስቤ ነው።

ሐመልማል እባላለሁ። የምኖረው ሌክ ሲቲ ነው፤ የምሠራው የሲያትል ፋብሪካዎች ባሉበት፣ ሶዶ በሚባለው ሰፈር፣ የሆስፒታል አንሶላ በሚታጠብበት ቤት። ልዑልቃል የሚባል ታናሽ ወንድም አለኝ። «አለኝ» ብዬ ስጽፍ እጄ ቆም ይላል፤ ቢሆንም ሌላ ቃል እስኪሰጠኝ ድረስ በዚህ እቀጥላለሁ። መቶ አለቃ ነው፣ በሬዲዮ መገናኛ። መንግሥትዎ «አጋራችን» የሚለው የኢትዮጵያ ጦር ባለፈው ታኅሣሥ ወደ ሶማሊያ ሲዘልቅ አብሮ ዘለቀ። ለመጨረሻ ጊዜ የደወለልኝ ከባይደዋ ነው። አንዲት ግመል የአንቴናቸውን ሽቦ እየረገጠች እንዳስቸገረቻቸው፣ ባለቤቷን ፈልገው ስላጡ ራሷን በሬዲዮ ሠራተኛነት ሊቀጥሯት እየተመካከሩ እንደሆነ ነገረኝና ሳቀ። ለፋሲካ እደውላለሁ አለ።

ፋሲካ አለፈ።

ስለዚህ አቤቱታዎቼን በአገሩ ደንብ መሠረት በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ስለ ሁለቱ ወረፋዎች

በስብሰባው አዳራሽ ውስጥ ሁለት ማይክሮፎን ተተክሎ፣ አሜሪካ በዚህ ጦርነት ለኢትዮጵያ የምትሰጠው ድጋፍ ይቀጥል የሚሉ በአንዱ፣ ይቁም የሚሉ በሌላው እንዲሰለፉ መደረጉን ሳይ ስለ ሥርዓቱ ማማር ተደነቅሁ። የእኛ ሰው በራሱ ፈቃድ እንዲህ ቀጥ ብሎ ሲሰለፍ አይቼ አላውቅም። ባጅ ያንጠለጠለውን ወጣት ሠራተኛዎን፣ ወንድሟ በሕይወት መኖሩን ለመጠየቅ የመጣች ሴት የቱ ጋ እንደምትሰለፍ ጠየቅሁት። ልጁ ጨዋ ነው። ሁለቱንም ወረፋ አይቶ፣ አስቦ፣ «በሚያጥረው ይቁሙ» አለኝ። ቆምኩ። የትኛው እንደነበር እስከ ዛሬ አላጣራሁም።

ተራዬ ሲደርስ የጠየቅሁትን ምናልባት ያስታውሱት ይሆናል። ከሰማይ የሚያዩት አውሮፕላኖቻችሁ ለአጋራችሁ መረጃ ያካፍላሉ ሲባል ሰምቻለሁና፣ ከዚያ ሁሉ መረጃ ውስጥ አንድ ሰው ቆሞ ይሄዳል ወይስ ተኝቷል የሚለው ይገኝ እንደሆነ ነበር። «እጅግ ጥሩ ጥያቄ ነው» አሉኝ። ቀጥለውም የሰጣችሁት ዕቃ ሁሉ፣ የሌሊት ማያ መነጽርም ይሁን ሬዲዮ፣ ቁጥር ተሰጥቶት የት እንደዋለ ክትትል እንደሚደረግበት፣ የሰው ጉዳት ግን የአጋራችን ሉዓላዊ ጉዳይ ስለሆነ እንደማይጠየቅ አስረዱ። በዚህ ጊዜ አዳራሹ አጨበጨበ። ከግራም ከቀኝም። አንደኛው ወገን የጀግና እህት አደረገኝ፣ ሌላኛው የሟች እህት፤ እኔ ደግሞ ጃንጥላዬን ያስቀመጥኩበት ጠፍቶኝ ከወንበር ሥር እፈልግ ነበር።

ስለ ጥያቄዬ ጥሩነት አመሰግናለሁ። ከዚያም በሳምንቱ ከቢሮዎ ለደረሱኝ ሁለት ደብዳቤዎች አመሰግናለሁ። አንደኛው ድጋፉ እንዲቀጥል ላሳየሁት ጽኑ አቋም ያመሰግነኛል፣ ሁለተኛው ድጋፉ እንዲቆም ላሰማሁት ደፋር ድምፅ። ሁለቱም ላይ ፊርማዎ ያምራል። ፍሪጁ ላይ በአንድ ማግኔት ይዣቸዋለሁ።

፪. ስለ ማለዳ እንግዶች

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳዎት ይገባል፤ ወደፊት ስለሚያስፈልግዎት በጥሞና ቢያነቡት ደስ ይለኛል።

በእኛ ዘንድ ሞት በስልክ አይነገርም። በማታም አይነገርም። ለብቻ ላለ ሰውም አይነገርም። አገር ሁሉ ሰምቶ እህት ብቻ ሳትሰማ ቀናት ሊያልፉ ይችላሉ፤ አብረዋት ይበላሉ፣ ይስቃሉ፣ ወንድሟ እንዴት ነው ብትባል «ደህና ነው» ስትል አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። ከዚያ አንድ ቀን፣ ጎህ ሲቀድ፣ ሽማግሌዎች ጥቁር ለብሰው በሯን ያንኳኳሉ። ብዙ መናገር አያስፈልጋቸውም። ሰዓቱ ተናግሮ ጨርሷል።

«ድጋፉ ይቀጥል» የሚለውን ወገን የሚያስተባብሩት ጋሼ ይርጉ በስብሰባው ላይ ካዩኝ ወዲህ ሊያነጋግሩኝ ፈልገው፣ ለሥራ በጠዋት እንደምወጣ ስለሚያውቁ፣ ሳልወጣ ሊደርሱብኝ ቅዳሜ ማለዳ ሦስት ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ። ያካፋ ነበር። ጥቁር ካፖርት ለብሰዋል። መኪናውን ከመንገዱ ማዶ ፓርክ አድርገው ሲሻገሩ በመስኮት አየኋቸው። አይነጋገሩም። ከሁሉም የሚያንሱት ጋሼ ይርጉ ከፊት ናቸው፤ ከኋላ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ አባባ ገብረሕይወት፣ አንገታቸውን ደፍተዋል። ኩሬ እንዳይረግጡ እንደሆነ ኋላ ተነገረኝ።

በሩን ከፈትኩ። አራቱን አየሁ። ወደቅሁ።

በእነሱ በኩል ሲታይ ደግሞ እንዲህ ነበር፤ በር ተከፈተ፣ አንዲት ሴት የወንድሟን ስም እየጠራች ወለል ላይ ናት። ሰምታለች ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን ጨዋ ሰው የመጣበትን ጉዳይ አያነሣም። «እግዜር ያጽናሽ» አሉኝና ጎንበስ ብለው አነሡኝ፣ ተቀመጡ፣ አብረውኝ አለቀሱ። እግዜር ያጽናሽ ሲሉኝ የእኔ ጥርጣሬ አለቀ። እኔ ሳለቅስ የእነሱ አልቋል። ክቡርነትዎ በሚሠሩበት መሥሪያ ቤት አነጋገር፣ ወሬው ከሁለት የተለያዩ ምንጮች ተረጋገጠ።

ከእኔ በታች ያለው ቤት የሰሃርላ ነው። የሞቃዲሾ ልጅ ናት፤ በስደት አዲስ አበባ ስለኖረች አማርኛ ትችላለች። ከታኅሣሥ ወዲህ ደረጃው ላይ ስንገናኝ እሷ ስልኳን ታያለች፣ እኔ ቁልፌን እፈልጋለሁ። እናቷ ያሉበት ሰፈር በመድፍ እየተመታ መሆኑን ከሌላ ሰው ሰምቼ ነበር። ማን እንደሚመታው ማንም አልነገረኝም፣ አልጠየቅሁምም። ያን ጠዋት በባዶ እግሯ ወጥታ መጣች። ራሴን ታፋዋ ላይ አድርጋ ፊቴን በእርጥብ ፎጣ ጠረገችልኝ። ሰዎቹ ወንበር ሊፈልጉ ወጣ ሲሉ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ወንድምሽ የት ሰፈር ነበር?» አለችኝ።

አላውቅም አልኳት።

«እናቴ ከከተማው ወጥታለች» አለች። «ልትነግሪኝ ከፈለግሽ አትፍሪ።»

ክቡር ሆይ፣ ስለ አካባቢው ብዙ ባለሙያ አማካሪዎች እንዳሉዎት አውቃለሁ። ይህን ግን ማንም አማካሪ በጽሑፍ ሊያቀርብልዎት አይችልምና በነጻ ይያዙልኝ።

በምሳ ሰዓት ኮሪደሩ ሞላ። ከቤተ ክርስቲያን ወንበር መጣ፣ ንፍሮ ተቀቀለ። አንድ ደግ ሰው ወደ ደብረ ብርሃን ደውሎ ለዘመዶቻችን ነገረ፤ እነሱም በወጉ አድረው፣ ጎህ ሲቀድ ለእናቴ ለወይዘሮ አገሬ ነገሯት። ነገሩ የተጋለጠው በማግሥቱ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው። «ድጋፉ ይቁም» የሚለውን ወገን የሚያስተባብሩት አቶ ኪዳነ ወልድ ለቅሶ ሊደርሱ መጡና፣ ንፍሮ በእጃቸው እንደያዙ፣ ለሚያወጡት መግለጫ ይሆናቸው ዘንድ ይመስለኛል፣ ጠየቁ።

«ለመሆኑ ወሬው በየት በኩል መጣ? መከላከያ ነው የደወለው?»

«እኛማ የደረስነው እሷ ስታለቅስ ነው» አሉ ጋሼ ይርጉ።

«እናንተ አይደላችሁም እንዴ የነገራችሁኝ?» አልኩ።

«እኛ ምን በወጣን?»

«ታዲያ በዚያ ማለዳ ምን ልታደርጉ መጣችሁ?»

ጋሼ ይርጉ እጃቸውን ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ ከተው የታጠፈ ወረቀት አወጡ። «እ… ፊርማ ፈልገን ነበር» አሉ። «ለእንደራሴው የሚገባ።»

«በአሥራ አንድ ሰዓት? በጥቁር ካፖርት?» አሉ አቶ ኪዳነ ወልድ።

«ዝናብ ነበራ፣ ኪዳኔ። ደግሞ ያለኝ ካፖርት አንድ ነው።»

ከበሩ አጠገብ የተቀመጠች ሴት ሳቀችና አፏን በነጠላዋ ያዘች። አፋቸው ውስጥ ንፍሮ የነበራቸው ሰዎች ይዋጡት ወይስ ይተዉት ጨነቃቸው። አባባ ገብረሕይወት ብቻ ወለሉን እያዩ ማኘካቸውን ቀጠሉ።

ለቅሶ አቀማመጥ ሥርዓት አለው፣ አነሣሡም ሥርዓት አለው። መሞቱ ያልታወቀ ሰው ለቅሶ እንዴት እንደሚነሣ ግን ከመካከላችን የሚያውቅ አልነበረም። ወደ ቄሱ ተደወለ። «ጸሎቱ አይጎዳውም» አሉ። ሰዉ አንድ በአንድ፣ ጫማውን እያየ፣ ወጣ። አንዳንዱ «እግዜር ያጽናሽ» ብሎ፣ አንዳንዱ «እንኳን ደስ ያለሽ» ብሎ፣ አንዱ ሁለቱንም ብሎ።

፫.

ሦስተኛውን ቁጥር ጻፍኩና ምን ልል እንደነበር ጠፋኝ። ሰሞኑን እንዲህ ያደርገኛል። ሥራ ላይ አንሶላ አጥፌ ስጨርስ እንደገና ዘርግቼ አገኘዋለሁ። ስለ እናቴ ይመስለኛል። ደውዬ «እማዬ፣ ስህተት ነው፣ ማንም አላረጋገጠም» አልኳት። ከበስተኋላዋ የለቀስተኛ ድምፅ ይሰማኝ ነበር። «ፀጉሬን ተላጭቻለሁ» አለች። «ልትመልሽልኝ ከሆነ ድምፁን አሰሚኝ። ካልሆነ ሁለተኛ እንዳትገድይብኝ።» ከዚያ ወዲህ ስደውል አታነሣም። ይህ አቤቱታ በእርስዎ ላይ መቅረብ ያለበት መሆን አለመሆኑን እርግጠኛ ስላልሆንኩ ቁጥሩን ብቻ ልተወው።

፬. ስለ ፎቶግራፉ

ለቅሶ ቤት የሟች ፎቶግራፍ ይሰቀላልና የልዑልቃልንም በወታደር ልብሱ፣ ትንሽ ፈገግ ያለበትን፣ አንድ ሰው ወስዶ በትልቁ አሳትሞት ነበር። ሌላው ደግሞ አባዛው። በቀጣዩ ሳምንት መሐል ከተማ የፌዴራል ሕንፃው ፊት ለፊት ሁለቱም ወገኖች ሰልፍ ወጡ፤ ፖሊስ ሁለቱን ከመንገዱ ወዲያና ወዲህ አቆማቸው። በወዲያኛው ዳር ወንድሜ ጀግና ነው። በወዲህኛው ዳር ወንድሜ በአሜሪካ ገንዘብ የተገደለ ነው። ወንድሜ ወንድሜን ፈገግ ብሎ ያያል፤ በመካከሉ የከተማው አውቶቡስ ያልፋል።

በመብራቱ ተሻገርኩ። መጀመሪያ ጋሼ ይርጉን ፎቶውን እንዲያወርዱልኝ ለመንኳቸው። «ሐመልማልዬ፣ ቢኖርም እኮ ጀግና ነው» አሉኝ። ተመልሼ ተሻገርኩ። «ቢኖርም እኮ ገድለውታል» አሉኝ አቶ ኪዳነ ወልድ። ሁለቱም ደግ ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱም ጫፌ እንዳይረጥብ ወደ ጃንጥላቸው ሥር ሳቡኝ። ሁለቱም ግን «ለመሆኑ ተሰማ ወይ?» አላሉኝም። ይህን ለመጠየቅ ወረፋ ስላልተዘጋጀለት ይሆናል።

፭. ስለ ቢሮዎ መልስ

በዚህ ሁሉ ተስፋ ቆርጬ ቢሮዎ ደወልኩ። ያነሣችው ወጣት የስሜን አጠራር ሁለት ጊዜ ጠይቃ አስተካክላ ጠራችኝ፣ አስጠብቃ ሙዚቃ አሰማችኝ፣ ተመልሳም ቢሮው ጉዳዩን ማረጋገጥም ማስተባበልም እንደማይችል ነገረችኝ። ላመሰግንዎት የምፈልገው ስለዚህ ዓረፍተ ነገር ነው። ካለፈው ወር ጀምሮ የምኖርበትን ቤት አሳምሮ የገለጸልኝ ይህ ብቻ ነው። ጠዋት ጥቁሩን ቀሚስ እለብሳለሁ፣ ደረጃው ላይ እደርስና አፍሬ እመለሳለሁ፣ አውልቄ ሌላ እለብሳለሁ፣ ያንንም አፍሬ አውልቃለሁ። ማረጋገጥም ማስተባበልም አልችልም። ሥራ አርፍጃለሁ።

አባባ ገብረሕይወት መከላከያ ውስጥ የወንድም ልጅ አላቸው። ያን እሑድ ሁሉም ሲደነግጥ እሳቸው አልደነገጡም፤ ይህን ካየሁ ወዲህ እንቅልፌ ልክ አይደለም። ምናልባት የመጡት በእርግጥ ሊያረዱኝ ነበር፣ ነገሩ ሲበላሽ ግን ፊርማው ሽፋን ሆነላቸው። ምናልባትም ሽማግሌ ስለሆኑና ጆሯቸው ስለደከመ ነው። ከቅዳሴ በኋላ የመኪና ማቆሚያው ላይ ጠብቄ፣ «አባባ፣ የሚያውቁት ነገር ካለ ይንገሩኝ» አልኳቸው። እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ልጄ፣ ባውቅ በወጉ እነግርሽ ነበር» አሉኝ። የሚያውቅ ሰው እንዲህ ይላል። የማያውቅም እንዲህ ይላል።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ የእኔ ሰዎች ስለሚወዱኝ አይነግሩኝም። የእርስዎ ሰዎች ስለ ደንቡ አይነግሩኝም። አጋራችሁ ደግሞ ሉዓላዊ ነው። ድጋፉ ይቀጥል ወይስ ይቁም በሚለው ላይ ድምፅ ሲሰጡ የእኔን አሳብ እንዳይጠብቁ፤ ሬዲዮ ተቆጥሮ ሰው የማይቆጠርበትን ድጋፍ በየትኛው እጄ ደግፌ በየትኛው እንደምቃወመው አላውቅም። የምለምንዎት ከዚያ ያነሰ ነው። ሬዲዮው የእናንተ ከሆነና ቁጥር ካለው፣ ሬዲዮውን ፈልጉት። ስታገኙት አጠገቡ ማን እንዳለ እዩልኝ። ስለ ሰው የጠየቃችሁ አይመስልባችሁም።

ስለ አነጋገሩ ደግሞ ከላይ እንዳስረዳሁት ነው። በሕይወት ካለ በፈለጉት ሰዓት ይደውሉ፤ ሥራ ላይ ብሆን፣ ቅዳሴ ላይ ብሆን አነሣለሁ። ካልሆነ ግን እባክዎን በስልክ አይንገሩኝ፣ የሚያመሰግነኝ ደብዳቤም አይላኩ። ሲነጋጋ ይምጡ፤ ለብቻዎት አይምጡ። መጀመሪያ የታችኛውን በር ያንኳኩና ለሰሃርላ ይንገሯት። እሷ ምን ማድረግ እንዳለባት ታውቃለች። ካፖርትዎ ምን ዓይነት ቀለም ቢሆን ግድ የለኝም። ኩሬው ግን ጥልቅ ነው፣ ይጠንቀቁ።

ወንበርዎ ይጽናልዎ፣ ጉሮሮዎ ይሻልዎ፣ በሁለቱም ወረፋ የተመሰገኑ ሆነው ይኑሩ እያልኩ፣ በሁለቱም ደብዳቤዎችዎ ለተመሰገንኩት ለእኔ ቃል እስኪደርሰኝ ድረስ በማለዳ ተነሥቼ በመስኮት መንገዱን በማየት የምጠብቅዎ፣

አክባሪዎ
ሐመልማል
ሌክ ሲቲ፣ ሲያትል
ሰኔ ፲፱፻፺፱ ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ፣ ትናንት እራት እያቀረብኩ ሳለ ስልኬ ጮኸ። ቁጥሩ ረጅም ነው። ሳነሣው ነፋስ ይሰማል፤ ከነፋሱ ውስጥ ሰው ይተነፍሳል። «ልዑል?» አልኩ። ተቋረጠ። መልሼ ብደውል አይሠራም። እዚህ ማታ ነበር፣ በእኛ ወግ ክፉ ወሬ የማይነገርበት ሰዓት፤ እዚያ ግን ጎህ እየቀደደ እንደሆነ ቆጥሬ ደረስኩበት። መንግሥትዎ ወደዚያ አገር የምንደውለውንና ከዚያ የሚደወልልንን እንደሚያዳምጥ ሰው ሁሉ ይናገራል፤ ሌላው ሲቆጣ እኔ አንድም ቀን ቅር ብሎኝ አያውቅም። እንግዲህ እኔ አንድ ጆሮ ብቻ ነው ያለኝ፣ እናንተ ብዙ አላችሁ። ማን ነበር የተነፈሰው?